ገጭ እና ሲጥ

ሐረጎ ላይ ጀመረ፣ ሦስተኛው ጠመዝማዛ፤
ከፊት ግራ እግሯ ሥር፣ ገጭ የሚል ነገር በዛ።
ራዲዮኑን ዘጋሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣
እንደ በር አንኳኪ፣ «ማነህ?» ብዬ ጠየቅኩ።

ላንድሮቨሯ አሮጊት ናት፣ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች፤
ከእርሻ ቢሮ በጨረታ ወጥታ፣ እኔ እጅ ገብታለች።
በሯ በሽቦ ነው፣ ነዳጅ ጠቋሚዋ ውሸታም፣
ዳገት ላይ ግን አንድ ቀን፣ ከድታኝ አታውቅም።
ከኩታበር ምስር፣ ከተንታ ድንች ጭኜ፣
ልጆቼን ያሳደግኩት፣ እሷን ተማምኜ።
ታዲያ እንዲህ ያለች አሮጊት፣ ገጭ ስትል ማን ይተኛል?
ጉልበቷ ይሁን ወገቧ፣ ያመማትን ማን ያውቅላታል?

ደሴ ውስጥ ለመኪና፣ ሐኪም ያልሆነ የለም፤
የሻይ ቤቱ ልጅ እንኳ «አሞርዛተር ነው» አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያይም።
የቧንቧ ውሃው ጋራዥ፣ ሁለቱንም ቀየረ፤
ገንዘቤን ቆጥሮ ተቀበለ፣ ገጭታው አብሮኝ አደረ።
የሰኞ ገበያው፣ «ቴስቲና ነው» ብሎ ማለ፤
ቴስቲናው ተገዛ፤
ገጭ አሁንም አለ።
ሦስተኛው «አርጅታለች፣ ሽጣት» ብሎ መከረኝ፤
ለምክሩ ግን፣ ይስጠው፣ ብር አላስከፈለኝ።

ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ማዶ፣ አንድ ሙሄ የሚባል
ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ጀሪካን ላይ ይቀመጣል።
ቁልፍ አላነሳም፣ ክሪክም አላስገባ፤
«ስትወጣ ነው? ስትወርድ? ወይስ ጉድጓድ ስትገባ?
ፍሬን ስትይዝ ይብሳል? ጠዋት ብርድ ላይ? ወይስ ሲሞቅ?
ዝናብ ሲመታት ይጠፋል?»
እኔ ምን ልወቅ!
ሦስት ወር ሙሉ ሰማሁት፣ አላዳመጥኩትም ለካ።
«አብሽር» አለኝ ሙሄ፣ ትከሻዬን ነካ።

«ሰዓዳ!» ሲል ተጣራ። ቱታዋ ለሁለት ሰው የሚበቃ
ልጅ ብቅ አለች ከጓሮ፣
ረጅም ካቻቢቴ፣ እንደ ጎራዴ ታጥቃ።
እሱ ፓራውልቱ ላይ ቆሞ፣ ወዘወዛት፣ ናጣት፤
እሷ ከሥር ተጋድማ፣ በብረት አዳመጠቻት።
ጫፉ ባሌስትራው ላይ፣ እጀታው ከጆሮዋ፣
ትንፋሿን ይዛ፣ ተከፍቶ ቀረ አፏ።

«አሞርዛተሩ ዝም ብሏል። ቴስቲናውም ጤነኛ።
ኩሽኔታው ትንሽ ያፏጫል፣ እሱ የሌላ ቀን ነው ለኛ።
እዚህ፣ ባሌስትራው ጆሮ ጋ... ጋሼ፣ እስቲ ድገመው።»
ገጭ።
«አገኘሁት! እዚህ ነው።»

ቡሎኑ በመዶሻ ወጣ፣ ወገቡ እንደ ተርብ ቀጥኖ፤
ቦኮላው ከጎማነት፣ ጥቁር ዱቄት ሆኖ።
መዳፌ ላይ አኖረችልኝ፣ ጥፍር የማታህል ስባሪ፤
ይህች ነበረች እንቅልፍ ነሺዬ፣
ይህች ነበረች የኪሴ መዝባሪ።
«ስንት ነው?» ብል ሙሄ፣ እጁን በነዳጅ እያጠበ፣
«ሰዓዳን ጠይቅ» አለኝ፤
ቁጥሩን ጠራችው ሳታፍር፣ ጆሮዋንም ያሰበ።

ማታ ሐረጎን ስወጣ፣ ጉም መንገዱን ሲጋርድ፣
ጉድጓድ እየፈለግኩ ገባሁ፣ ድና እንደሁ ለመፍረድ።
ምንም።
ዝምታው ደስ አላለኝም መጀመሪያ፤
አንድ ሰው የወረደ መሰለኝ፣ ጎኔ የነበረ።
ከዚያ ከኋላ፣ ከቀኝ፣ ቀጭን ነገር ጀመረ፤
ሲጥ...
ሲጥ...
ይህም ከርሞ ይሆናል፣ በትልቁ ጩኸት ሥር፤
ያኛው አፉን ሲዘጋ፣ ተራ ደረሰው ሊናገር።

ራዲዮኑን አልነካሁም። መስኮቱን ከፈትኩ።
ጉድጓድ ላይ አይደለም።
ኩርባ ላይ ነው፣ ወደ ግራ ስትዞር።
ብርድ አለ። መንገዱ ርጥብ ነው።
ለሰዓዳ የምነግራትን፣ አንድ በአንድ መዘገብኩ።