የቆርቆሮ ጆሮ

የዘይት ቆርቆሮ ቀደን፣ በሽቦ ጠፍረን፣
ካርቶኑን ፎይል አልብሰን፣
አራት ኪሎ ጣራ ላይ አፉን ወደ ሰማይ አዞርን።

መምህር ወንድይፍራው፣ ሞገድን በጠመኔ ሲስል የኖረ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሳይሰማው ያስተማረ፣
ማዳመጫውን ደፍቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ቢጠብቅ፣
የታክሲ ሞተር መጣለት፣ የማስታወቂያ ሳቅ።

«ስልክ አጥፉ!» ትላለች ደሚቱ፤ ማን ይሰማል፤
መስመሩ ላፕቶፑ ላይ ወባ እንደያዘው ይንዘፈዘፋል፣
ከተማው ከሰማዩ በፊት ይለፈልፋል።

ድርግም።
ከፒያሳ እስከ ግንፍሌ መብራት ሄደ።
«ኤጭ!» አልን፣ እንደ ልማዳችን፤
ጫጫታው ግን ወረደ፣
ወረደ፣
ከመሀሉም አንዲት ጉብታ፣ ቀስ ብላ፣ ብቅ፦
ሃይድሮጅን።
ሃያ አንድ ሴንቲ ሜትር፣ ከተማሪ ማስመሪያ የምታንስ፣
ስንት ሺህ ዘመን ተጉዛ እዚህ ጣራ ላይ የምትደርስ።

ወንድይፍራው ቃል አልወጣውም፤ በመዳፉ
ስክሪኑን ዳበሰው እንደ ሰሌዳ፣ ከጫፍ እስከ ጫፉ።
መብራት ኃይል በዕድሜው ያን ማታ ብቻ ተመረቀ።

ስንመለስ የታክሲው ረዳት ቆርቆሮውን አይቶ፣
«ዕቃው ይከፈልበታል» አለ።
«ዕቃ አይደለም፣ ጆሮ ነው።»
«እንግዲያው የጆሮውን ክፈላ!»