የቀይ ቀለም ሒሳብ

ሦስት መቶ ራንድ ነው ለሥራው የከፈሉኝ፤
ከሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ላይ ሰቀሉኝ።
«ክብ አድርገህ ሣል» አሉኝ፣ «መኻሉ ላይ ሽጉጥ፣
ከጫፍ እስከ ጫፉ ቀይ መስመር እንዲቆርጥ።»
ከሥሩም «መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው»፣
በሦስት ቋንቋ ጻፍኩት፣ ሰበብ እንዳይኖረው።

የኬፕታውን ነፋስ አሸዋውን አዝሎ
ካልጣልኩህ ይለኛል መሰላሉን ነቅሎ።
ዴንዚል፣ ሥጋ ሻጩ፣ ከታች ሆኖ ሣቀ፦
«ሥዕል አይቶ ማነው ሽጉጡን ያራቀ?
ጥይት ፊደል ያውቃል? ቆሞ ያነባል ወይ?
ወይስ ‹ይቅርታ› ብሎ ይመለሳል ወይ?»

መልስ አልነበረኝም፤ አፌ ተለጎመ።
በሦስተኛው ሌሊት ሰው መኪና አቆመ፣
አንዴ ተኩሶ ሄደ፤ የሣልኩትን መታ፣
በሽጉጥ ቆሰለ የሽጉጤ ቃታ።

በስቱኮ ደፈንኩት። ሒሳብ አልጠየቅሁም።
ሕጉ ሕግ ይሁን ቀዳዳ፣ እኔ አላወቅሁም።
ሳጅን ማቲስን ሄጄ «ማን ያስከብረው?» ስል፣
«ክልሉ ታውጇል፣ ልክ እንዳንተ ሥዕል፤
ወረቀቱም አለ፣ ማኅተሙም አለ፣
ነዳጅ ነው የጠፋው» ብሎ ሻዩን አማሰለ።

ይልቅ ፋዲላ ናት፣ መጽሐፍ የምታውሰው።
መፈተሻ የላትም፣ ዘበኛም አልቀጠረች፤
«ይዘሃል ወይ?» ብላ ዐይን ዐይን እያየች።

ናዚም የሚባል ልጅ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ፣
ከሟች ታላቅ ወንድሙ ሽጉጥ ነው ርስቱ፣
አንድ ማክሰኞ መጣ፤ «ይዘሃል?» ስትለው፣
መዋሸት ይችል ነበር፤ ማን ሊፈትሸው?
ዝም ብሎ ዞረ። ከጓሮው፣ ከአጥር ሥር፣
ከቁልቋሉ ጥላ አሸዋ ሲቆፍር፣
ቀብሮት ተመለሰ፣ እጁን አራግፎ።
ሃያ ደቂቃ ያህል መስኮት ተደግፎ
ስለ ዓሣ ነባሪ መጽሐፍ አነበበ፤
ቀኝ እጁ ሥራ ፈትቶ ጭኑ ላይ ተሰበሰበ።
ያቺን ሃያ ደቂቃ ሽጉጡ ባለቤት የለው፤
ብረት ነው፣ ከጠጠር ጋር አሸዋ የሚቀምሰው።

ወጥቶ ቆፈረና መልሶ ታጠቀ።
ዴንዚል ይህን ሰምቶ እንደገና ሣቀ፦
«የሃያ ደቂቃ ሰላም ምን ይረባል?
ሽጉጥ እንደ ጥርስ ሕመም ተኝቶ ይነሣል።»

ሐምሌ ላይ፣ በዝናብ፣ ናዚምን ገደሉት፤
ከቀይ መስመሬ ማዶ፣ ታክሲ ፌርማታው ፊት።
ወገቡ ባዶ ነው። መጽሐፉ ርሷል።
ሽጉጡ ከቁልቋሉ ሥር አሸዋ ለብሷል።
ሳጅኑ መዘገበ፦ «ከክልሉ ውጪ።»

ሕጉ ማንን ያዘ? እሺ ያለውን ነው።
ይህን ሳስብ ሌሊት እንቅልፌ ወዴት ነው?
ዴንዚል አልሣቀም። ሥጋ እየመዘነ
ሚዛኑን አፍጥጦ አየና አዘነ።

«ቀለሙን አድስልን» ብለው ዳግም ጠሩኝ።
ብሩሹን ነከርኩት፤ እጆቼ ግን ከዱኝ።
ፋዲላ በሩ ላይ፣ ካፖርቷን ደርባ፣
«ይዘሃል ወይ?» ትላለች ወጣት በር ሲገባ።
መሰላሉ ላይ ሆኜ ወደ ጓሮው ባይ፣
ሦስት አዲስ ጉድጓድ፣ ከቁልቋሉ ሥር ላይ።

ቀዳዳ መድፈን ነው ሥራዬም ሙያዬም፤
እነዚያን ሦስቱን ግን
አልነካኋቸውም።