የሮብሌ ጠመኔ

ድሬ ላይ አውሮፕላን ሲመጣ ከሰማይ፣
ሰው ሁሉ አንጋጦ ክንፉን ነው የሚያይ።
ሮብሌ ጉሌድ ግን፣ ሽርጡን ሰብስቦ፣
ቁጢጥ ብሎ ያያል፣ ዓይኑን አጥብቦ፣
እግሩን። እግሩን ብቻ። «መብረርማ፣ አቦ!
ቅጠልም ይበራል ነፋስ ካሰኘው፤
ሙያው ማረፍ እንጂ መብረር ምንድነው?»

አባቱ ለገሃር፣ ባቡር ቤት ተቀጥሮ፣
የብረት ጎማ ሲያስተካክል ኖሮ፣
ለልጁ ያወረሰው አንድ መፍቻ ብቻ።
ልጁም ክሪክ ሥር ነው ያለፈው ዘመኑ፣
ብሎን እየፈታ፣ እየቆጠረ ቀኑን።

እኔ ያኔ ጀማሪ፣ ቱታዬ የሰፋኝ፣
አንድ ቀን በቀትር ሃንጋር ውስጥ ጠራኝ።
ዘይት የጠጣውን ሲሚንቶ አበሰና፣
እግር ይሥል ጀመር፣ ክንፍ የሌለው ገና።

«ይኼ የጦርነት ነው። ጎማው የእሱ አይደለም፣
ሲነሣ ይጥለዋል፣ ዞሮም አያይ የትም።
ጦሙን ወጥቶ ጦሙን ሲመለስ፣
በደረቱ ይሳባል፣ እስኪቆም ድረስ።»
«አብራሪውስ?» ብለው፣
«እሱን አከርካሪው ነው የሚያውቀው።»

«ይኼኛው ከባድ ነው፣ መሬት የሚያሰጥም፤
ጎማ ቢደረድሩ አልቻለም ሊሸከም፤
እንደ ትራክተር ሰንሰለት አጠለቁለት።
ሞከሩት፣ ተንገጫገጨ፣ ተዉት።
መሬት እደፍር ብሎ
ሰማዩን ሊያጣው ነበር።»

«ይኼ ብስክሌት ነው፤ አንድ ፊት፣ አንድ ኋላ፣
ክንፉ ጫፍ ላይ ምርኩዝ፣ እንዳይል ዘንበላ።
የከዚራ ሕፃን ሲለማመድ አይተሃል?
አጋዥ ጎማ አለው፤ አያፍርም፣ ይነዳል።

ይኼን ልብ በል ደግሞ። ነፋስ በጎን ሲመታው
አፍንጫውን ለነፋሱ ይሰጣል፣
እግሩን ለመንገዱ።
ጭነት ያዘመመው ግመል እንደዚያው ነው፤
አንገቱ ወደ ሽንሌ፣ እግሩ ወደ ገበያ።»

የእንጨት ጫማ ሣለ፣ ረጅም፣ ጫፉ ቀና ያለ።
«በረዶ አይተህ ታውቃለህ?» ብለው
«የለስላሳ ሻጭ ሳጥን ውስጥ» አለ።

ጀልባ የተጫማ ሲሥል እኔ ቀለድኩ፦
«ይኼስ ለደቻቱ ነው!»
ጠመኔው ቆመ።
ዓመቱን አሸዋ፣ አንድ ሌሊት ባሕር፤
የእህቱ ቤት ከዳር ነበር።

ቆይቶ የመጨረሻውን ሣለ፤ እግር ጭራሽ የለው፣
ሰፊ የላስቲክ ፍራሽ ነው የተነጠፈለት፣
እላዩ ላይ ዘፍ የሚል፣ እንደ ደከመው ሰው።
«ይኼ ቢለመድ ኖሮ» አለኝ አቧራውን እያራገፈ፣
«እኔም አንተም ሥራ የለንም።»

ጎማው ሲሳሳ ታይዋን ተራ ይወርዳል፣
በቢላ ተቀዶ በረባሶ ይሆናል።
ቀጥ ቀጥ ያሉ አራት መስመሮች፤
ሮብሌ ራሱ ሲራመድ አሸዋ ላይ የሚያትማቸው።

ሐሙስ ዕለት ስልክ ተደወለ።
«ሮብሌ አረፈ» አለ አንዱ።
ሞተር ይጮሃል፣ ግማሹን ነው የሰማሁት፤
«ነፋሱ ከየት ነበር?» ልል
አፌን ከፍቼ
ያኔ ገባኝ።

ከአስር ሶላት በኋላ በትከሻ ወሰዱት።
ክሪክ የለ፣ መፍቻ የለ።
እጅ ለእጅ ተቀባብለው ቀስ አድርገው አወረዱት፤
በቀኝ ጎኑ፣ ፊቱ ወደ ቂብላ፣
እግሩ ወደ ራሱ መንገድ።
ቀባሪው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲያለቅስ
እኔ የቀባሪውን እግር አየሁ፦
ግማሹ በረባሶ ነው፣ አፈሩ አራት አራት መስመር።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው በረራ በላያችን አለፈ፣
ዝቅ ብሎ፣ እግሩን ዘርግቶ።
ሰው ሁሉ ቀና አለ።
እኔም።
የግራው ጎማ
ነፋስ የጎደለው መሰለኝ።