ደጅ ጥናት

በመጀመሪያ ሥራዬ መሰላል መያዝ ነበር፣
ቱማስ ወደ ላይ ሲወጣ፣ እኔ ከሥር ስገተር።
ዴርቭላን፣ ፎቶዋን ማለቴ፣ ከመብራት ምሰሶ ይጠፍራታል፤
ነፋስ ከባሕር ሲነሣ እንደ ከበሮ ይመታታል።
ለከተማው ምክር ቤት ናት፤ ወንበሩ ስድስት፣ ፈላጊው አሥራ ሦስት፤
የተዘጋ መዋኛ ማስከፈት፣ የማታ አውቶቡስ መመለስ፤ ቃሏ ይኸው ነው፣ ሁለት።
እኔ የአፈር ምህንድስና ተማሪ፤ የመጣሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣
ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ ማስታወቂያው «ምሳ አለ» ይል ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ወረቀት አሸክመው ከአንድ ሰፈር ጣሉኝ፤
«ሰላምታ፣ ስሟ፣ ገንዳው፣ አመሰግናለሁ» ብለው አስጠኑኝ።
የምዕራብ አየርላንድ ዝናብ አይወርድም፤ ቆሞ ይጠብቃል፤
ካፖርት ውስጥ ገብቶ፣ ኪስ ፈትሾ፣ ስምህን ይጠይቃል።
ቀለሙ የተላጠ በር ብዙ ያወራል፤
አዲስ የተቀባው ደወሉን ሰምቶ ዝም ይላል።
አንዷ ሻይ ሰጠችኝ፤ አንዱ ውሻውን ለቀቀብኝ፤
አንድ ሕፃን ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ለዴርቭላ ጢም ስሎ፣ መለሰልኝ።

ለጥናት መጥቼ ደጅ ጠናሁ።
በቋንቋዬ ደጅ የሚጠናው ባለጉዳይ ነው፣ ከባለሥልጣን በር፣
አደግድጎ ቆሞ፣ ጥላ እየተከተለ፣ «ነገ ና» ሲባል የሚያድር።
እዚህ ግን ሹመት ፈላጊዋ ናት የምታንኳኳው፣ ጫማዋ ውኃ እየተፋ፤
ጌትየው በካልሲ ወጥቶ «አስብበታለሁ» ይላታል፣ ጉንጩን በዳቦ እንደነፋ።

ከወደቡ በላይ፣ ቁጥር አርባ አንድ፣ ማላኪ የሚሉት ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ
ማንኪያ እንደያዘ ከፈተልኝ፤ የሾርባው ሽታ ቀድሞት ወጣ።
ቃሌን ሁሉ እስክጨርስ ሰማኝ፤ ከዚያ ጥያቄው መጣ፦
«አንተስ፣ ቁጥር አንድን ለማን ነው የምትሰጠው?»
«እኔማ እንግዳ ነኝ፤ ድምፅ የለኝም፤ የሰው ነው የምለምነው።»
ማንኪያውን ደረቴ ላይ ደገነው፦ «ማነው የለህም ያለህ?
ለፓርላማው የለህም፤ ለከተማው ግን፣ እዚህ እስካደርክ፣ አለህ።
የምትጠጣው ውኃ የኛ፣ የሚሰብርህ ጉድጓድ የኛ፤
ሂድ ተመዝገብ፣ ከዚያ ስበከኝ። አሁን ልብላና ልተኛ።»

ቅጹን ሞላሁ። ፖሊስ ጣቢያ ማኅተም አስመታሁ።
ፖሊሷ ስሜን ሦስት ጊዜ አስጻፈችኝ፤
ሦስቴም ሌላ ሰው አድርጋ አነበበችኝ።

በምርጫው ቀን፣ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ለሕፃን በተሠሩ ወንበሮች መሐል፣
እርሳሱ እንደ ፍየል በገመድ ታስሯል፤
ከወረቀቱ ላይ አሥራ ሦስት ፊት ያየኛል።
«አንድ» ብዬ ጻፍኩላት። «ሁለት»፣ ለዚያ ፖም ለሰጠኝ ተቀናቃኟ።
የቀረውን አላስታውስም፤ እጄን አልቦት ነበር።

በስፖርት አዳራሹ፣ ከማገጃው ብረት ላይ ተደፍተው፣
ማንም ሳይቀጥራቸው የሚቆጥሩ አዛውንቶች
ከቆጠራው በፊት መርዶውን ነገሩን።
ዘጠነኛው ዙር ላይ ወደቀች። አሥራ ዘጠኝ ድምፅ ጎደላት።
የኔዋ ወረቀት ከእሷ ክምር ተነሥታ ወደ ፖም ሰጪው ስትሄድ
አየኋት መሰለኝ፤ ከሩቅ ግን ወረቀት ሁሉ አንድ ነው።
ዴርቭላ ጫማዋን አውልቃ፣ መኪናው አፍንጫ ላይ ተቀምጣ፣ የድንች ጥብስ በላች።
«በሰባት ቀን ካላወረድነው» አለች፣ «ቅጣት አለው። ፒንሳው የት ነው?»

አሁን ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። ቱማስን ጉንፋን ይዞታል።
ከወደቡ በላይ መሰላሉ ሲወዛወዝ አንድ እጅ ከሥር ያዘው።
«ድምፄን አልሰጠኋትም» አለ ማላኪ፣ ቀና ሳይል።
«አውቃለሁ» አልኩት፤ አላውቅም ነበር።
ጥቂት ዝም ብሎ፣ «የዶሮ ቤቴ ጣሪያ ያፈሳል» አለ፤
«ከነዚህ አንዷን ብትተውልኝ።»
ማሰሪያውን ቆረጥኩ፤ ዴርቭላ እየተንሳፈፈች ወረደችለት።
ብብቱ ሥር ሸጉጧት ትንሽ ሄዶ ዞረ፦
«ፊቷን ወደ ሰማይ ላድርገው ወይስ ወደ ውስጥ?»
«ወደ ውስጥ» አልኩት። «ዶሮዎቹ ይወቋት።»