ሰናፍጭ

ፊትሽን ከመስታወቱ አዙሪ፣ ሙከረም፤
ካፖርት በመስታወት ተመርጦ አያውቅም።
ክንድሽን ዘርጊልኝ ወደ መደርደሪያ፤
ብብትሽን ከያዘ ወዲያ በዪው፣ ወዲያ።
የትከሻው ስፌት አጥንትሽ ላይ ይረፍ፤
ወደ ክንድ ከወረደ የሌላ ሰው ነው፣ ይለፍ።
አሁን ተቀመጪ፣ እዚያች በርጩማ ላይ፤
ቆመሽ ጨዋ መስሎ፣ ስትቀመጪ ጉድ የሚያሳይ
ስንት ከሃዲ ካፖርት አልፏል በዚህ እጄ።
ጉልበትሽን ይሸፍን፣ መሬት ግን አይንካ፤
ጭቃ የሚጠርግ ልብስ መጥረጊያ ነው፣ ልጄ።

ቀለሙን በእኔ አምፖል አትመኚው፤ አምፖሌ የሻጭ ወገን ነው፤
ወደ በሩ ውሰጂው፤ ደመናው ስር እውነቱን ሲናገር ስሚው።

ትራብዞን፣ ከገበያው ጀርባ፣
አርባ ዓመት ዘመዘምሁ፣ ዓይኔ በመርፌ ቀዳዳ እየገባ።
ዝናብ እንደ ቤተ ዘመድ ሳይጠራ በሚመጣበት አገር
የዝናብ ልብስ ስሸጥ የተማርሁት አንድ ነገር፦
ሴት እዚህ ቀለም አትመርጥም፣ ቀለም ትፈራለች፤
ሁሉን ዳስሳ ዳስሳ «ጥቁሩ ይሻለኛል» ትላለች።

አንቺም እንደዚያው ነበርሽ። ስድስት ክረምት ግራጫ።
ዛሬ ግን ገባሽና፣ ጃንጥላሽን እንኳ ሳታጥፊ፣
«ሰናፍጩን አውጪልኝ» አልሽ፣ «ሌላ እንዳትለፈልፊ።»
የባልሽ እህት ሹክራን በሩ ላይ ቆማ አፏን በሻርፗ ያዘች፤
«ባለቀለም ዓይን ይጠራል፤ ጨዋነት የት ገባች?»
አንቺ ቁልፉን እየቆለፍሽ፣ ሳትዞሪ፣ ቀስ ብለሽ፣
«ገላዬን ሸፈንሁት፤ እኔን ግን አልደብቅም» አልሽ።
ከዚያም፣ ማንም ሳይጠይቅሽ፦
«የዱርሱን ጀልባ ግራጫ ነበረች። ጭጋግም ግራጫ ነው።
ሊፈልጉት የወጡት ሁለቴ በአጠገቡ አለፉ። ይኸው ነው።»

ሹክራን ሻርፗን ለቀቀች።
እኔም ጠመኔ አንስቼ እጅጌሽን ማስመር ጀመርሁ።

እንግዲህ ስሚኝ። ይህ ቀለም እንደ ስሙ ይሰነፍጣል፤
ከጎኑ የሚቀመጠውን አስቦ ይመርጣል።
ሻርፕሽ ዝምተኛ ይሁን፣ የባሕር ዳር ጠጠር ቀለም፤
ሁለት የሚጮህ ቀለም በአንድ ራስ አይስማማም።
ቀበቶውን በዘለበቱ አትቆልፊው፤ የወታደር ይሆናል፤
ከጎን አንዴ ቋጥሪው፣ ላላ አርገሽ፤ ወገብሽን ማን ይለካል?
ኮሌታው በነፋስ ቀን ይቁም፣ በብራ ቀን ይተኛ።
ጫማሽ ያው ጥቁሩ ይሁን፤ አንዳንድ ልማድም ጓደኛ።

ስትመለሺ ዝናቡን በር ላይ አራግፊው እንጂ አትጭመቂው፤
ትከሻው ሰፊ በሆነ የእንጨት መስቀያ ስቀዪው።
አታስጠጊው ከማሞቂያው፣ ከቀትር ፀሐዩም፤
የተጣደፈ ጨርቅ ሲኮማተር አይቻለሁ፤ የተጣደፈች መበለትም።
ሻይ ይፈስበታል፤ ሪዜ ጎረቤት ሆና ማን ከሻይ ያመልጣል?
በቀዝቃዛ ውሃ፣ በነጭ ጨርቅ፣ ከዳር ወደ መሃል አባብዪው፤ የታሸ እድፍ ይሰፋል።
ማጠቢያ ማሽን? ገልብጠሽ፣ ቁልፎቹን ዘግተሽ፣ ለብቻው፤
ከነጭ አንሶላ ጋር ከከተትሽው እኔን አይመለከተኝም ጣጣው።
ውሃ መሳብ ሲጀምር አምጪልኝ፤ ሰም እቀባዋለሁ።
ትርፍ ቁልፍ ከውስጥ ኪሱ ሰፍቼልሻለሁ፤
ሲጠፋብሽ ታስታውሺኛለሽ።

ገንዘብሽን ቆጥረሽ ሄድሽ።

ኅዳር ገባ። ዛሬ ጠዋት ጭጋግ ከባሕሩ ወጥቶ፣
የመስጊዱ ጫፍ፣ የዳቦ ቤቱ ጭስ ማውጫ፣ ሁሉም ጠፍቶ፣
ከመስኮቴ ቆሜ፣ ክሬን በምራቄ አርሼ፣ ወደ ውጭ ሳይ
አንዲት የሰናፍጭ ፍሬ ትወርዳለች በደረጃው ላይ።
ከኋላዋ ዓሣ ሻጩ፣ ከነጋሪው፣
ሁለት የትምህርት ቤት ልጆችም፣ እጅ ለእጅ፤
የሚረግጡትን ባያዩም፣ አንቺን አይተው እግራቸው ይወርዳል።
ቀበቶውን ግን፣ እኔ ነጂቤ ልሙት፣
በዘለበቱ ቆልፈሽዋል።