ዘግይቶ የደረሰ ቀይ

በጥጥና በምራቅ፣ በቀን ጥፍር ታህል፣
የሻማ ጥላሸት ሳነሣ ሳልቸኩል፣
አምስት መቶ ዓመት ሰው ተንበርክኮበት
ትንፋሽ ከነላቡ የተጋገረበት
ሰሌዳ ፊት አለሁ።
ትራፓኒ፣ ወደቡ፣ ክረምት ነው፣ ይነፍሳል፤
የመስኮቴ መስተዋት ጨው ይለብሳል።

እናት ሰማያዊ፤ ልጅ በጉልበቷ ላይ፤
በአንገቱ መርጃን፣ እንደ ፍም የሚታይ፤
ቅርንጫፉ ቀጭን፣ ቅጠል የሌለው ዛፍ፣
ደረቱ ላይ ሲያርፍ ደም የሚመስል ጫፍ።

መምህር ኢንግራሲያ፣ ተማሪ አስከትሎ፣
“ይህ ቀይ” ይላቸዋል፣ ዝግ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣
“ገና ያልፈሰሰው ደም ነው፣ መስቀሉ ሳይተከል፤
ጥርስ ሳያወጣ ሕማሙ አንገቱ ላይ ሲንጠለጠል።
ሌላም ተረት አለ፦ ጠጕሯ እባብ የሆነ ሴት
አንገቷ ተቀልቶ፣ በባሕሩ ዳር መሬት
ደሟ የነካው ሣር መርጃን ሆኖ ቀረ፤
ውኃ ውስጥ የላላው ነፋስ ላይ ጠጠረ።”

ልጆቹ ይጽፋሉ።
እኔ በማጉያዬ ወደ ቀዩ እወርዳለሁ፣
ትንፋሼን ውጬ እንደ ጠላቂ፣ ሥሩን እዳብሳለሁ።

እዚያ፣
ከቀዩ ሥር አንገት፣ ሙሉ፣ የተጨረሰ፣
እጥፋቱ ሳይቀር በወተት የራሰ።
ዘመን ሲጫነው ቆዳው ተሰንጥቋል፤
ቀዩ ግን ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል።
ኋላ የመጣ ነው።
ሥዕሉ ካለቀ፣ ከደረቀ፣ ካረጀ
በኋላ የመጣ።
በሌላ ብሩሽ ነው፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ፤
የሠዓሊ አይመስልም፤ ይመስላል የወላጅ።

በደብሩ መዝገብ ላይ፣ አይጥ በበላው ገጽ፣
አንድ መስመር ተርፏል፦
ኖፍሪዮ፣ መርጃን አጥማጅ። ሚስቱ ኒንፋ።
ልጅ ሊዮሉካ፣ በነሐሴ ያረፈ።
የቀረውን ስንጥቁ ነገረኝ።

ኒንፋ ለሠዓሊው፣ ለዕለት ዳቦ ዋጋ፣
ልጇን አቅፋ ዋለች ክንዷ እስኪዘነጋ።
ባሏ ባሕር ላይ ነው፤ መስቀል ይጐትታል፤
የእንጨት መስቀል፣ ከነመረቡ፤ ጥልቁን ያርስበታል።
(መስቀል ነው ያልኩት፤ መምህሩ ይስማኝና፦
ይህ ደም ከሥሩ ያለ መስቀል አይነቀልምና።)
ለጄኖቫ ነጋዴ፣ በሚዛን፣ በቁና፣
ለመኳንንት ልጆች ያወጣል ገና።
ጡት የሚጠባ ሁሉ፣ ሀብታም የወለደው፣
ቀይ ይታሰርለታል፣ ዓይን እንዳይለክፈው።
የአጥማጁ ልጅ አንገት ባዶ።
ባዶውን ተሣለ፣
ባዶውን መንበር ላይ፣ ሕዝብ ፊት ተሰቀለ።

ትኩሳቱ ሲጀምር ጎረቤት አወራ፦
“ዓይን ነው። ምን ዓይን! የአገር ሁሉ ዓይን፤
ሥዕሉን ያየ ሁሉ ልጁን አየው አይደል?”

ኖፍሪዮ በመስከረም፣ ከከንፈሩ ጨው ሳይለቅ፣
ከነጋዴው ሚዛን የሰረቃት አንዲት ቀንበጥ
ከምላሱ በታች ይዞ፣
እየሮጠ መጣ።
ይዞ መጣ መርጃን፤
የሚረዳው አጣ።

ስንት ዓመት እንደቆየ እንጃ። ስንጥቅ እስኪበቃ ድረስ ቆየ።
ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ማን በር እንደከፈተለት
መዝገቡም አይናገር፣
ቀንበጧን ፈጨና፣ በዓሣ ሙጫ ለወሰና፣
ለሥዕል አንገት አሰረ።
ቀለም አይደለም ይህ። በማጉያው ሲያዩት
ቅንጣቱ ያብረቀርቃል፤ እሱ ነው፣ ራሱ፤
በደረቀ ልጅ ላይ የደረቀ ለቅሶ።

ከኃላፊዋ ዛሬ ደብዳቤ ደረሰኝ፦
“ኋላ የተጨመረው ይነሣ” ይለኛል።
ሕጉ ልክ ነው። አንብቤ አጣጠፍኩት።
ከቀዩ ጠርዝ ድረስ አጸዳሁ፤ እዚያ ላይ
እጄ ቆመ።

ማታ ጥጤን ሳጥብ ውኃው ትንሽ ቀላ።
ከየት እንደሆነ
አልመዘገብኩም።