ያለ ኩኪ

ቤርሳቤህ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
የኔጌቭ አቧራ መስኮቱን ሲቧጥጥ አመሸበት።
«ኩኪ የለም» አለች ሮኒት፣ «የክሊኒኩ ሕግ ነው፤
በር ያንኳኳውን ሽማግሌ ታዲያ በምን እንለየው?»

ሰርቨር ቸር ነው፣ ግን ዝንጉ፤ የጠየቁትን ይሰጥና
ፊቱን ሲያዞር ይረሳል፤ «ማነህ?» ይላል እንደገና።
አውቀዋለሁ ይህን ጠባይ፤ በልጅነት ተሰልፌ፣
ለአባቴ አስተርጓሚ ሆኜ፣ በየመስኮቱ ለፍልፌ፣
ስም፣ ያባት ስም፣ ዘጠኝ አኃዝ፤ ትናንት የመዘገበችው
ያችው ጸሐፊ ነበረች ዛሬ «ማነው?» የምትለው።

መጀመሪያ መለያውን በአድራሻው ጫፍ ሰፋሁት፣
እንደ ጅራት ረዘመ። ሠራ። እንቅልፌን ለጠጥኩት።
ማክሰኞ አባቴ፣ ሞካሪዬ፣ ቀጠሮውን ከፍቶ አየና
«ልጄ የሠራችው ነው» ብሎ፣ ደረቱ ተነፍቶ ገና፣
ሊንኩን ከነጅራቱ ለጎረቤቱ ለመኩሪያው ላከው፤
ስክሪኑም መኩሪያውን «ሰላም፣ አቶ አያልነህ!» አለው።
የአባቴ ስኳር፣ የአባቴ ግፊት፣ የጥር ቀጠሮ፣ የዓይን ጠብታ
አንድ ሳይቀር እንደ ስጥ ተዘረጋለት በዚያች ማታ።
ደግነቱ ጨዋ ሰው ነው። ደወለ፦ «እኔ አንተን ሆኛለሁ፤
ክኒንህን ልዋጥልህ? ወይስ ራሴን አገኛለሁ?»

አባቴ እስኪያስለው ሳቀ።
እኔ አልሳቅኩም።

ያን ሌሊት ማኅተም ቀረጽኩ። ስሙ በውስጡ፣ ሰዓቱ በውስጡ፣
ፊርማው ከግርጌ፤ አንዲት ፊደል ቢያፋልሱበት የሚያሳብቅ፣ ቁጡ።
በአድራሻው ላይ አይንጠለጠል፤ በጥያቄው ራስጌ ይሄዳል፣
ገጹ ሲዘጋ ይጠፋል፣ ባይዘጋም በሩብ ሰዓት ይሞታል።

እዚሁ ከተማ፣ ይላሉ፣ በጥንቱ ጉድጓድ አፋፍ ላይ
ውሃው የማን እንደሆነ ሰባት ግልገል መሰከረ።
እነዚያም ኩኪ አልነበራቸው።
ግልገሎቹ ግን፣ ይመስለኛል፣ በሩብ ሰዓት አያረጁም።

ትናንት አባቴ ደወለ። «ልጄ፣ ከወንበሬ አልተነሳሁም፤
መነጽሬን ስጠርግ ነው እንጂ የትም፣ የትም አልሄድኩም።
ለምንድነው 'ማነህ' የሚለኝ?»
«ሰዓቱ አልቆ ነው፣ አባ።»

ዝም አለ። ከዚያ ዘጠኙን አኃዝ፣ ስልኩን ሳይዘጋ፣ በአንድ ጣቱ እየነካ
እንደ ዳዊት ደገመልኝ፤
አንድም አልዘለለ።
«ገባሁ» አለ።
«እስከ መቼ ነው?»